የልቦለድ ሰላይን መልክና አለባበስ እንዴት መፍጠር ይቻላል?

የመጀመሪያውን ሰላዬን ረጅም ጥቁር ካፖርት አልብሼ፣ ጥቁር መነጽር አድርጌለት፣ በጉንጩም ላይ ጠባሳ አኑሬበት ነበር። ረቂቁን ያነበበ ወዳጄ «በዚህ ሰው ላይ እንኳን ጠላት፣ ሕፃን ልጅም ይነቃበታል» አለኝ። ሦስት ምዕራፍ ቀድጄ ጣልኩ፤ ከዚያ ወዲህ ከፊቱ አልጀምርም።

በቅድሚያ የሰላዩን ሽፋን፣ ማለትም ማንነቱን የሚደብቅበትን ሥራ፣ ይወስኑ። ሰላዩ በጎረቤቶቹ ዘንድ የሚታወቀው በምን ሥራ ነው? የጥርስ ሐኪም ወይም የመድን ሠራተኛ ከሆነ ልብሱን፣ ፀጉሩንና አካሄዱን የሚመርጥለት ያ ሥራ ነው። ዕድሜ፣ ቁመትና ክብደት በማስታወሻ ላይ ይስፈሩ።

አስቸጋሪው ነገር ይህን ሁሉ ለአንባቢ ማድረስ ነው። ገጸ ባሕርዩን መስታወት ፊት አቁሞ ራሱን እንዲገልጽ ማድረግ የሰነፍ መንገድ ነው፤ እኔም ሄጄበታለሁ። የሚሻለው በሚከታተለው ሰው ዓይን ማሳየት ነው። ኢያን ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ልቦለድ የጄምስ ቦንድን 183 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ 76 ኪሎ ክብደትና የቀኝ ጉንጭ ጠባሳ የዘረዘረው በጠላቶቹ የስለላ ፋይል ውስጥ ስለሆነ፣ መግለጫው ራሱ አደጋ መሆኑ ይሰማናል።

ሰላይን የሚከታተል ሰው ደግሞ ጫማ ያያል፤ ሸሽቶ የሚያመልጥ ሰው ካፖርቱን በቅጽበት ሊቀይር ቢችልም ጫማ ለመቀየር ጊዜ አያገኝም። በሁለተኛው ረቂቄ ሰላዬ ከባቡር ጣቢያው መጸዳጃ ቤት በግራጫ ሹራብና በኮፍያ ሌላ ሰው መስሎ ሲወጣ፣ ደረጃው ሥር ቆሞ የሚከታተለው ሰው ፊቱን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣ ቀኝ ተረከዙ ወደ ውጭ ያለቀውን ቡናማ ጫማ ብቻ ተከትሎ ይሄዳል። ስለ ሰውየው ከዚያ በላይ አልጻፍኩም።

ልዩ ምልክት ካስፈለገ አንድ ይበቃል፤ እሱም ድርጊት ቢሆን ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ1961 በልቦለድ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የደራሲው ጆን ለ ካሬ ሰላይ ጆርጅ ስማይሊ አጭርና ወፍራም ሲሆን፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ልብሱ አያምርበትም፤ ይሁን እንጂ የማይረሳው መነጽሩን በክራቫቱ ጫፍ ሲወለውል ነው።

የተዋናይ ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ መለጠፍን አልመክርም፤ በኮምፒውተር ምስል የሚፈጥሩ መተግበሪያዎችም ሰላዩን ሁሉ ሸበላ ያደርጉታል። ፍሌሚንግ ራሱ ለጋዜጣ የሥዕል ታሪክ መነሻ እንዲሆን የቦንድን ምስል አስሎ ነበር፤ ሠዓሊው ጆን ማክላስኪ ግን መልኩ ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ስላገኘው ጠንከር ያለ ፊት ሣለ።

ረቂቁ ሲያልቅ ለአንድ አንባቢ ይስጡና ከሁለት ቀን በኋላ ሰላዩ ምን እንደሚመስል ይጠይቁት። ያላስታወሰውን መግለጫ ይሰርዙ።