ክዳኑ ሲዘጋ የማይነቃው ላፕቶፕ፣ መፍትሔው ፈርምዌር ነበር

የእህቴ ላፕቶፕ የሚሠራው በኡቡንቱ ሊኑክስ ነው። ክዳኑን ዘግታ ስትከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ማብሪያውን ተጭና ይዛ ከማጥፋት ውጭ አማራጭ አልነበራትም። ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ አንድ ጠጋኝ "ዊንዶውስ ካልተጫነ ባዮሱ አይታደስም" አላት። ባዮስ ማለት ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው፣ ከራሱ ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ፕሮግራም (ፈርምዌር) ነው። ይታደሳል እንጂ! ኤፍደብሊውአፕዲ የሚባለው የሊኑክስ ፕሮግራም፣ አምራቾች ራሳቸው ኤልቪኤፍኤስ በሚባለው የፈርምዌር ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ የሚያስቀምጡትን ፈርምዌር አውርዶ ይጭናል።

ተርሚናል ከፍቼ ስፈትሽ፣ የዩኢኤፍአይ (የዘመናዊው ባዮስ) ካፕሱል አፕዴት፣ ማለትም ፈርምዌሩን ከሊኑክስ ሆኖ ማደሻው መንገድ፣ እንዳልተፈቀደ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ መጣ። ነገሩ ሁሉ የተያዘው እዚህ ላይ ነበር። ባዮስ ገብቼ፣ ሴኩሪቲ ከሚለው ሥር "ዊንዶውስ ዩኢኤፍአይ ፈርምዌር አፕዴት" የሚለውን አበራሁት። ስሙ ዊንዶውስ ይበል እንጂ ለሊኑክስም በሩን የሚከፍተው እሱው ነው። ተመልሼ ስፈትሽ አዲሱ ፈርምዌር ተዘርዝሮ ጠበቀኝ።

መብራት ድንገት ሊሄድ ስለሚችል ባትሪውን ሞልቼ፣ ቻርጀሩንም ሰክቼ ጀመርኩ። ባትሪ ካነሰ ፕሮግራሙ ራሱ እምቢ ይላል። ሪስታርት ካደረገ በኋላ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የእድሳቱ መስመር እስኪሞላ ማንም እንዳይነካው። አሁን ክዳኑ ገና ሲከፈት ይነቃል።

ላፕቶፕ የምትገዙ ሰዎች፣ ስለ ራም ከመጠየቃችሁ በፊት የሞዴሉን ስም ኤልቪኤፍኤስ ላይ ፈልጉ። ዴል ብዙ ሞዴሎችን አስገብቷል፤ ሌኖቮም በ2018 እ.ኤ.አ. ተቀላቅሏል። ከሌኖቮ ላፕቶፖች ቲንክፓዶቹ በብዛት አሉ፣ አይዲያፓድ ግን እምብዛም ነው። ስለዚህ የድርጅቱን ስም ብቻ አይታችሁ ብር አትቁጠሩ።