ቅዳሜና እሁድ ከቤተሰብ ጋር ወደ አንኮበር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱም አስፋልት ነው። ለዚህ ነው ብዙ ቤተሰብ ሰሜን ሸዋን እንደ ቢሾፍቱ የሚያየው። ልጆቹን በቲሸርት ጭኖ እብስ ይላል። ግን ወደ ቢሾፍቱ ስንሄድ እንወርዳለን፣ ወደዚህ ስንሄድ እንወጣለን። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ወደ ደብረ ሲና መውረጃ ላይ ያለው ጣርማ በርና የመንዙ የሣር ሜዳ ጓሳ ከ3,000 ያልፋሉ። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ሁሉንም በሁለት ቀን ማየት

አንኮበር፣ ጣርማ በርና መንዝ ጓሳ በአንድ ቅዳሜና እሁድ? አይሆንም። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጓሳ ግን በሌላ አቅጣጫ፣ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ነው። ሁለት ቀን ብቻ ካላችሁ አንኮበርን ምረጡ። የመንዝ ሰው ለዘመናት ሣሩን ሲጠብቅ የኖረበት ጓሳ ተረጋግቶ የሚታይ ቦታ ነው። ቀይ ቀበሮ ለማየት ማልዶ መነሳትና መታገስ ይጠይቃል። ሦስት ቀን ስታገኙ ሂዱበት።

ለቀኑ ብቻ መልበስ

የቀኑ ፀሐይ ያሞኛል። ጀምበር ስትጠልቅ ግን ሌላ አገር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሜዳው ውርጭ መትቶት የሚያድርበት ጊዜ አለ። ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ፣ መንዝም በበርኖስና በዝተት የታወቁት በከንቱ አይደለም። ለልጆች ወፍራም ካልሲና ኮፍያ፣ ለሁሉም ጋቢ ያዙ። ለቀኑ ደግሞ ባርኔጣ አይረሳ፤ ከፍታ ላይ ፀሐይ ቶሎ ታቃጥላለች።

ክፍል ውስጥ ከሰል ማስገባት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ብርዱ ሲጠና «ትንሽ ከሰል ይምጣልን» ይባላል። በር ይዘጋል፣ ልጆች ይተኛሉ። ይህ ሰው ይገድላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ስለዚህ «ፍሙ ቀልቷል፣ ጭሱ ወጥቷል» ማለት አያድንም። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ስለሆነ ደግሞ ሰው «ከፍታው ነው» ብሎ ይተኛል። እሳት መሞቅ ካማራችሁ ውጭ ሙቁ። ለክፍሉ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠይቁ። ከሰል ባለበት ክፍል ውስጥ ራሱን ያመመው ካለ ሁላችሁም ወዲያው ወጥታችሁ ንጹሕ አየር ሳቡ፤ ሳትዘገዩም ወደ ሕክምና ሂዱ።

አያትን ሳያማክሩ መውሰድ

በአንኮበር የምኒልክ ቤተ መንግሥት ወደነበረበት ኮረብታ በእግር የሚወጣ ዳገት አለ። «እማማ ጠንካራ ናቸው» አይበቃም። የልብ ችግር፣ የደም ግፊት ወይም አስም ያለበት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ፣ መድኃኒቱንም ይያዝ። እማማም በየመሀሉ አረፍ እያሉ ይውጡ፤ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ለጭላዳ ብስኩት መወርወር

ልጆች ይህን ይወዳሉ፤ ወላጅም ለፎቶ ብሎ ዝም ይላል። የጭላዳ ዝንጀሮ ዋና ምግብ ሣር ነው። ከመኪና መብላት የለመደ ግን አስፋልት ላይ እየወጣ ይገጫል፣ የልጅ እጅ ላይ ያለውንም ይነጥቃል። ገደል ላይ አድሮ ጠዋት ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል። ያኔ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ሥር ሲቆፍርና ሲጣላ ማየት ከብስኩቱ ይበልጣል።

አርብ ከሥራ በኋላ መነሳት

ወደ ጣርማ በር ሲጠጉ ጉሙ መንገዱን ሊውጠው ይችላል፤ በክረምት ይብሳል። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ጠመዝማዛም በጨለማ የሚደፈር አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ውጡ። ሐሙስ ወይም አርብ ደግሞ ለምታርፉበት ቦታ ደውሉና መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ ውሃና መብራት መኖሩን፣ እራት አስቀድሞ መታዘዝ እንዳለበት ጠይቁ። «ለዚህ ሳምንት ይቅርባችሁ» ካሏችሁ አትከራከሩ።