በበረራ ሲሙሌተር ላይ የአውሮፕላን መትረየስ ተኩስ እንዴት እንደሚገጠም

ኤፍኤስኤክስ (ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ) በኮምፒውተር ላይ የሚጫወቱት የሲቪል በረራ ሲሙሌተር ነው። በ2006 ሲወጣ ቦይንግና ሴስና ይዞ መጣ እንጂ ጥይት ይዞ አልመጣም። የጦር አውሮፕላን አውርዳችሁ ብትጭኑበትም ክንፉ ላይ የተደረደሩት መትረየሶች ጌጥ ናቸው። ቃታ ብትስቡ ምንም የለም።

እዚህ በማሳየው መንገድ የሌላውን አውሮፕላን መትታችሁ መጣል አትችሉም፤ ያ ሌላ ሥራ ነው። አፈሙዙ ላይ ብልጭታ፣ ከኋላው ስስ ጭስ፣ ወደ ፊት የሚወነጨፍ ብርሃናማ ጥይት ግን ማሳየት ይቻላል። ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልግም። ኖትፓድና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

ዘዴው ሲሙሌተሩን ማታለል ነው። ተኩስ ባያውቅም የአየር ትርኢት ጭስ ያውቃል፤ "አይ" የምትለዋን ቁልፍ ስትጫኑ ከአውሮፕላኑ ጀርባ የሚለቀቀውን ማለቴ ነው። ያ ጭስ የሚነሳበትን ቦታ ወደ አፈሙዙ እንወስደዋለን። የጭሱን ፋይል ደግሞ በብልጭታ ፋይል እንተካለን። ሲሙሌተሩ ጭስ የለቀቀ ይመስለዋል፣ እናንተ ትተኩሳላችሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በፋይሎቹ ውስጥ ስሞቹ በላቲን ፊደል ናቸው። እዚህ የጻፍኳቸው እንደሚነበቡት ነው።

መጀመሪያ ቅጂ ያዙ

የምትነኩት "ኤርክራፍት ሲኤፍጂ" የሚባለውን ፋይል ነው። "ሲምኦብጀክትስ" ፎልደር ውስጥ "ኤርፕሌንስ" አለ፤ እዚያ ውስጥ አውሮፕላናችሁን ስትከፍቱ ታገኙታላችሁ። ሌላ ቦታ ቅጂውን ሳታስቀምጡ አንድም ፊደል አትንኩ። ዊንዶውስ "ፕሮግራም ፋይልስ" ውስጥ ያለን ፋይል አርማችሁ ሴቭ ስታደርጉ አንዳንዴ ይከለክላል። አንዳንዴ ደግሞ ይባስ ብሎ የተቀበለ መስሎ ሌላ የተደበቀ ቦታ ያስቀምጥባችኋል። ፋይሉን ዴስክቶፕ ላይ አርማችሁ መልሳችሁ መገልበጥ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ይገላግላል።

ቦታውን መለካት

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ብዙ ሰው ብልጭታውን ለማሳመር ሲደክም ይውላል፤ ብልጭታው ግን ከአፈሙዙ አንድ ክንድ ያህል ወዲያ ማዶ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይታያል። ቦታው ልክ ከሆነ ተራ ብልጭታም ያሳምናል።

ፋይሉ ውስጥ "ስሞክሲስተም" የሚል በማዕዘን ቅንፍ የታጠረ ርዕስ ፈልጉ። ከሌለ ራሳችሁ መጨረሻ ላይ ጻፉት። ከሥሩ "ስሞክ ነጥብ 0" ብላችሁ የእኩል ምልክት ታስገባላችሁ። ከዚያ በኮማ የተለያዩ ሦስት ቁጥሮችና የኢፌክቱ (የብልጭታው ወይም የጭሱ) ፋይል ስም ይከተላሉ። የመጀመሪያው ቁጥር የፊትና የኋላ ነው፤ ወደ ፊት ሲሆን ፖዘቲቭ ነው። ሁለተኛው የጎን ነው፤ ቀኝ ፖዘቲቭ፣ ግራ ኔጋቲቭ። ሦስተኛው የላይና የታች ነው። ሁሉም የሚለካው በጫማ ነው፤ በሜትር ከጻፋችሁ ተኩሱ ሁሉ ወደ መሀል ተሰብስቦ ታገኙታላችሁ።

ቁጥሩን ከየት ታመጡታላችሁ? ከዚያው ፋይል። "ላይትስ" በሚለው ርዕስ ሥር የክንፍ ጫፍ መብራቶች ቦታ ተጽፏል። እዚያ መጀመሪያ ላይ የመብራቱን ዓይነት የሚናገር አንድ ተጨማሪ ቁጥር አለ፤ እሱን ዝለሉት። ቀጣዮቹ ሦስቱ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ናቸው። ክንፉ ጫፍ ላይ ያለ መብራት 18 ጫማ ላይ ከተቀመጠና መትረየሱ በዓይን ሲታይ ከመሀል እስከ ጫፍ ካለው ርቀት ሲሶው አካባቢ ከሆነ፣ ከ6 ወይም ከ7 ጫማ ትጀምራላችሁ።

ፒ-51 ሙስታንግ የተባለውን የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን እንውሰድ። ዲ የሚባለው ሞዴል በእያንዳንዱ ክንፍ ሦስት፣ በድምሩ ስድስት ባለ 12.7 ሚሊሜትር መትረየሶች አሉት። ፕሮፔለሩ ከዳር እስከ ዳር 11 ጫማ ከ2 ኢንች ነው። እንግዲህ ከመሀል 5.6 ጫማ ድረስ የፕሮፔለሩ ግዛት ነው። የክንፍ መትረየስ ከዚያ ውጪ መሆን አለበት። የጎን ቁጥራችሁ 4 ከሆነ የራሳችሁን ፕሮፔለር እየመታችሁ ነው። ፒ-38 ላይትኒንግ ላይ ይህ ጭንቀት የለም፤ ሞተሮቹ ግራና ቀኝ ስለሆኑ አራቱ መትረየሶችና አንዱ 20 ሚሊሜትር መድፍ አፍንጫው ላይ ተሰብስበዋል። የጎን ቁጥሩ ወደ ዜሮ የተጠጋ ይሆናል ማለት ነው።

ለእያንዳንዱ አፈሙዝ አንድ መስመር ጻፉ። ቁጥሩን ሳትዘሉና ሳትደግሙ ከ0 ወደ 1፣ ወደ 2 ሂዱ። ኮምፒውተራችሁ ደከም ያለ ከሆነ በአንድ ክንፍ አንድ መስመር ይበቃል፤ ከሩቅ የሚያስተውል የለም።

ብልጭታውን መሥራት

"ኢፌክትስ" የሚባለውን ፎልደር ክፈቱ። ከባዶ አትጀምሩ። የሚያብለጨልጨውን የስትሮብ መብራት ፋይል ኮፒ አድርጉና አዲስ ስም ስጡት። ኖትፓድ መጨረሻው ላይ "ቲኤክስቲ" እንዳይለጥፍበት ተጠንቀቁ። ዊንዶውስ የፋይል ዓይነት መደበቅ ስለሚወድ ይህ ነገር ብዙ ሰው ያስለቅሳል። ኤርክራፍት ሲኤፍጂ ላይ ስሙን ስትጽፉ ግን "ኤፍኤክስ" የሚለውን መጨረሻ ተዉት፤ ስሙ ብቻ ይበቃል።

አሁን ሁለት ቁጥሮች ላይ እናተኩር። "ኤሚተር" በሚለው ክፍል ውስጥ ያለው "ሬት" በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚበልጭ ይወስናል። የሙስታንግ መትረየስ በደቂቃ 800 ጥይት ገደማ ይተፋል፤ ለ60 ስታካፍሉት 13 አካባቢ ይመጣል። መስመሩ ሁለት ቁጥር ይቀበላል፤ ትንሹንና ትልቁን። 12 እና 14 ጻፉ። ሁለቱንም 13 ካደረጋችኋቸው ስድስቱም መትረየሶች እንደ ሰልፈኛ እኩል ይረግጣሉ፣ ማሽንነቱ ያስታውቃል።

ሁለተኛው "ፓርቲክል" በሚለው ክፍል ያለው "ላይፍታይም" ነው፤ አንዱ ብልጭታ የሚቆይበት ጊዜ በሰከንድ። ከ0.03 እስከ 0.05 አድርጉት። ለምን ከዚያ አላነሰም? ሲሙሌተሩ በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) የሚያሳይ ከሆነ አንዱ ፍሬም 0.033 ሰከንድ ነው። ብልጭታው ከዚያ በጣም ካጠረ በሁለት ፍሬም መካከል ተወልዶ ይሞታል፣ አታዩትም። ከ0.1 ካለፈ ደግሞ የተኩስ ሳይሆን የፋኖስ መልክ ይይዛል። ስትበሩ ብልጭታው ከአፈሙዙ ወደ ኋላ እየቀረ ከታየ ዕድሜውን ትንሽ ቀንሱ፣ ወይም የፊትና የኋላውን ቁጥር አንድ ጫማ ጨምሩ።

ቀለሙን የሚወስኑት "ካለር" የሚሉት መስመሮች ናቸው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና የመጨረሻው የድምቀት መጠን። 255፣ 210፣ 140 ብትሉ ቢጫማ ነጭ ታገኛላችሁ። ደማቅ ብርቱካናማ አትምረጡ፣ ካርቱን ያስመስለዋል።

ጭሱና ብርሃናማው ጥይት

ለጭሱ ከሲሙሌተሩ ጋር የሚመጣውን ነጭ የትርኢት ጭስ ኮፒ አድርጉና ዕድሜውን ወደ አንድ ሰከንድ አካባቢ አውርዱት። ድምቀቱንም ቀንሱት። የጭሱ ብናኝ የተወለደበት አየር ላይ ስለሚቀር አውሮፕላኑ ጥሎት ሲያልፍ በራሱ መስመር ይሠራል፤ እናንተ ምንም መጨመር የለባችሁም። በአንድ ክንፍ አንድ ጭስ በቂ ነው። ጭሱንም ሆነ ቀጥሎ የሚመጣውን ብርሃናማ ጥይት በ"ስሞክሲስተም" ሥር ቀጣዩን ቁጥር እየሰጣችሁ በየራሳቸው መስመር ጻፏቸው።

ብርሃናማው ጥይት ትንሽ ያስቸግራል። እውነተኛው ጥይት በሰከንድ 870 ሜትር አካባቢ ይወነጨፋል። ያንን በቀጥታ ብታስገቡ ዓይን አይከተለውም። "ዜድ ፓርቲክል ቬሎሲቲ" በሚለው መስመር ከ300 ጀምሩ። ወደ ኋላ ከሄደባችሁ ከቁጥሩ ፊት ኔጋቲቭ ጨምሩ። ሬቱን ወደ 3 አውርዱት፤ በእውነተኛው የጥይት ዝናር ላይም ብርሃን የሚሰጠው ከብዙዎቹ አንዱ ነው እንጂ ሁሉም አይደለም።

የክንፍ መትረየሶች ቀጥ ብለው አይተኩሱም፤ ፊት ለፊት አንድ ቦታ ላይ እንዲገናኙ ወደ ውስጥ ዘንበል ይላሉ። ይህን ለማሳየት የግራና የቀኝ ሁለት ፋይል ያስፈልጋችኋል። መትረየሱ ከመሀል 2.1 ሜትር ከራቀና ጥይቶቹ 250 ሜትር ላይ እንዲገናኙ ከፈለጋችሁ፣ 2.1ን ለ250 አካፍላችሁ በ300 አባዙት። 2.5 ይመጣል። ያ የ"ኤክስ" ፍጥነታችሁ ነው፤ ለአንዱ ክንፍ ፖዘቲቭ፣ ለሌላው ኔጋቲቭ።

ቃታው

"አይ" ቁልፍ እንደ መብራት ማብሪያ ናት። አንዴ ሲጫኗት ይጀምራል፣ ዳግም ሲጫኗት ያቆማል። ለትርኢት ይሁን፣ ለተኩስ ግን አይመችም። ጣታችሁን ስታነሱ ተኩሱ እንዲቆም ከፈለጋችሁ ኤፍኤስዩአይፒሲ የሚባለው ተጨማሪ ፕሮግራም አለ። የተመዘገበው (ሬጅስተርድ) ስሪቱ የጆይስቲክ ቃታ ሲጫኑት ጭሱን "አብራ"፣ ሲለቁት "አጥፋ" የሚል ትዕዛዝ እንዲልክ ማድረግ ይችላል። መጀመሪያ ግን ቃታው በሲሙሌተሩ ሴቲንግ ውስጥ ለፍሬን ተመድቦ ከሆነ አንሱት። አለበለዚያ መሬት ላይ ሆናችሁ ስትሞክሩ ተኩሱም ፍሬኑም አብረው ይያዛሉ።

መፈተሽ

በቁልፎች ዝርዝር ውስጥ አውሮፕላኑን እንደገና የሚጭን ትዕዛዝ አለ፤ ሲመጣ ቁልፍ አልተሰጠውም፣ እናንተ ስጡት። ቦታውን ባረማችሁ ቁጥር ሲሙሌተሩን ዘግቶ ከመክፈት ያድናል። የኢፌክት ፋይሉን ራሱን ስትቀይሩ ግን ዘግታችሁ ብትከፍቱ ይሻላል።

አውሮፕላኑን መሬት ላይ አቁሙት፣ ሰዓቱን ወደ ምሽት አድርጉት፣ ከውጭ በሚያሳየው ካሜራ ከፊትና ከጎን እየዞራችሁ እዩ። ከፊት ስታዩ የጎኑና የከፍታው ስህተት ይጋለጣል፤ ከጎን ስታዩ የርቀቱ። ከኮክፒት ብቻ አይቶ "ልክ ነው" ማለት አይበቃም።

ምንም ካልታየ በቅድሚያ የፋይሉን ስም ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ቀጥሎ በዲስፕሌይ ሴቲንግ "ሲነሪ" በሚለው ገጽ ላይ የስፔሻል ኢፌክት መጠን ዝቅ ተደርጎ እንደሆነ እዩ። አንዱ ክንፍ ብቻ ከተኮሰ የኔጋቲቭ ምልክት ረስታችሁ ሁለቱንም ቀኝ ክንፍ ላይ ደራርባችኋቸዋል ማለት ነው።