ወረብ ለመቆም የሚሻ ጀማሪ ከየት ይጀምር?

በጥር 10 የከተራ ዕለት ታቦታት ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፣ ከፊታቸው ጸናጽል (የሚንሿሿ የብረት መሣሪያ) እና መቋሚያ (የሊቃውንት ረጅም በትር) ይዘው የሚያሸበሽቡትን ሊቃውንት አይቶ በልቡ ከእነርሱ ጋር ያልቆመ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ጥቂት ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው የመዘምራኑን ሽብሸባ ለለመደና አሁን ወደ ወረብ፣ ማለትም በጸናጽል፣ በከበሮና በሥርዓት ባለው የሰውነት እንቅስቃሴ ወደሚታጀበው የሊቃውንት የግእዝ ዝማሬ መግባት ለሚሻ ጀማሪ ነው። ወረብን የሚያካትተው የአቋቋም ትምህርት በጉባኤ ቤት (በቤተ ክርስቲያን ባህላዊ ትምህርት ቤት) ብዙ ዓመታት የሚወስድ ስለሆነ እዚህ የሚገኘው መግቢያው ብቻ ነው፤ መምህሩን አይተካም።

አስቀድሞ አንድ የቃል ጉዳይ መጥራት አለበት። በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 6 ንጉሥ ዳዊት በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ ሲያሸበሽብ እናነባለን፤ መዝሙር 150ም በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እግዚአብሔርን «በከበሮና በዘፈን» አመስግኑ ይላል። ይኸው መጽሐፍ ግን በገላትያ ምዕራፍ 5 ዘፋኝነትን ከሥጋ ሥራ ጋር ይቆጥረዋል። ብዙ ወጣቶች እዚህ ላይ ግራ ይጋባሉ። ልዩነቱ ያለው ሰውነት በመንቀሳቀሱ ላይ ሳይሆን እንቅስቃሴው ለማን እንደሚቀርብና የትኛውን ቃል እንደሚያገለግል ላይ ነው። በወረብ እግር የሚነሣው ቃሉ ስላነሣው ነው፤ ስለዚህ ቃሉን ሳያውቅ እግሩን የሚያነሣ ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ ልብሱ ነጭ ቢሆንም ገና ወረብ አልጀመረም።

በመሆኑም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ተቀምጠህ አሳልፍ። አንድ አጭር ወረብ ምረጥ፣ የግእዙን ንባብ በትክክል አንብብ፣ ትርጉሙን መምህርህን ጠይቅ፣ ከዚያም ዜማውን ያለ አንዳች እንቅስቃሴ በቃልህ ያዝ። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ስልቶች የተከፈለ ሲሆን፣ ድምፁ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚጎተትና የት እንደሚቆረጥ የሚያሳዩት እንደ ድፋት፣ ሂደት፣ ርክርክና ቁርጥ ያሉት ምልክቶች ናቸው። ጀማሪ ምልክቶቹን ሁሉ እንዲያነብ አይጠበቅበትም፤ ነገር ግን እንቅስቃሴው የሚያርፈው ድምፁ በሚያርፍበት ስለሆነ፣ የዜማውን ማረፊያ ያላወቀ ሰው ሁልጊዜ ከጓደኞቹ አንድ እርምጃ ይቀድማል ወይም ይዘገያል።

ዜማው ከተያዘ በኋላ ተነሣና ቁም። እግሮችህን በትከሻህ ስፋት ያህል ክፈት፣ ጉልበትህን አላላ፣ የሰውነትህንም ክብደት ከግራ እግር ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ በእርጋታ አሸጋግር። ትከሻ በራሱ መንቀጥቀጥ የለበትም። እስክስታ በሚጨፈርበት አካባቢ ላደገ ሰው ይህ ከሁሉ ይከብዳል፤ ከበሮው ሲፋጠን ትከሻው ሳያውቀው ይቀድመዋልና። መድኃኒቱ ክርንን ወደ ጎን አስጠግቶ ለረጅም ጊዜ በዝግታ መለማመድ ነው። እንቅስቃሴውን ከስልክ ቪዲዮ የሚማሩም አሉ፤ አልከለክልም፣ ነገር ግን ፊት ለፊት የምታየውን ሰው ስትከተል ቀኙን በግራህ ስለምትቀዳ ከመምህሩ ጎን ወይም ከኋላው ቆሞ መማር ይሻላል።

ቀጥሎ መቋሚያ ያዝ። ሊቃውንቱ አንዱን ዜማ ደረጃ በደረጃ ያሳድጉታል፦ በቁም ዜማ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ በዝማሜ መቋሚያው ከዜማው ጋር ይወዛወዛል፤ በመረግድ ጸናጽልና ከበሮ ይገባሉ፤ በጽፋት ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባም ይታከላል። ጀማሪም በዚሁ ቅደም ተከተል ቢሄድ አይሳሳትም። በዝማሜ ዐይንህ የመሪጌታውን (የዜማ መሪውን) መቋሚያ ይከተል፤ እርሱ ሲያዘነብል አዘንብል፣ ሲመልስ መልስ። መምህራን መቋሚያውን በመስቀል፣ ወዲያና ወዲህ ማዘንበሉንም ጌታ በሕማሙ ወቅት በመገፋቱ ይመስሉታል፤ ይህን ምሥጢር የሚያስታውስ ሰው መቋሚያውን እንደ ዱላ አይወረውርም።

ጸናጽሉን በቀኝ እጅህ ያዝና መቋሚያውን ለግራ ተው። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ያለማቋረጥ በማንቀጭቀጭ ነው፤ ጸናጽል ሲወርድ አንድ፣ ሲነሣ አንድ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጥቶ በመካከሉ ዝም ማለት አለበት። ለብቻህ ስትለማመድ የራስህን ዜማ ከጸናጽሉ በላይ መስማት ካቃተህ ምትህ በዝቷል ማለት ነው።

ከበሮ የመጨረሻው ነው። ሰፊው ፊት ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ መምህራን ሰፊውን በመለኮት፣ ጠባቡን በትስብእት (በሰውነቱ)፣ ከበሮውን የሚያስሩትን የቆዳ ጠፍሮች ደግሞ በግርፋቱ ሰንበር ያመሠጥሩታል። መቺው ማኅበሩን ሁሉ ያፋጥናል ወይም ያዘገያል፤ አንድ የቸኮለ እጅ አረጋውያኑን ከዜማቸው ሊያስወጣ ይችላል። በዚህ ምክንያት ቢያንስ አንድ ዓመት በረድፍ ያልቆመ ወጣት ከበሮ እንዲያነሣ አልመክርም፤ ይህ ሥርዓት ሳይሆን የራሴ ጥንቃቄ ነው።

ስለ ቅዱስ ያሬድ በትውፊት የሚነገረውን ሁላችን እናውቃለን፦ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወጋው፣ ንጉሡም ያሬድም በዜማው ተመስጠው አላስተዋሉም። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው በልምምድ መካከል መስታወት ሲፈልጉ ሳይ ነው። ያሬድ የተመሰጠው በእግሩ አልነበረም።

የመማሪያ ጊዜም ይመረጣል። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ስለማይሰማ፣ ጾመ ድጓው (የዐቢይ ጾም የዜማ ድርሰት) በመቋሚያ ብቻ ይዘመማል፤ ስለዚህ ዝማሜን አጥርቶ ለመማር ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። ወረቡን ለመስማትና ለማየት ደግሞ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ዘመነ ጽጌ (የአበባ ወቅት) ይመረጣል፤ በየቅዳሜው ሌሊት ለእሑድ አጥቢያ የወቅቱ የሌሊት ምስጋና ማኅሌተ ጽጌ ይቆማልና። ከሊቃውንቱ ጋር ለመቆም ሲፈቀድልህ ጫማህን አውልቀህ፣ ነጠላህን መስቀለኛ አጣፍተህ፣ በቅኔ ማኅሌቱ፣ ሊቃውንቱ በሚዘምሩበት የቤተ ክርስቲያኑ ክፍል፣ ከረድፉ ጫፍ ቁም። እንቅስቃሴው ከጠፋብህ የጎንህን ሰው እግር ለመያዝ አትሽቀዳደም፤ ቀጥ ብለህ ቆመህ ዜማውን ብቻ ቀጥል፣ ወረቡ ተመልሶ ከመጀመሪያው ሲነሣ አብረህ ትገባለህ።