ከውጭ ሆናችሁ የውኃና የፍሳሽ መስመር ስታሠሩ፦ ፈቃዱ የማን ነው?

አዲስ አበባ ቤት የሚያሠሩ በውጭ የሚኖሩ ወዳጆቼ አዘውትረው የሚጠይቁኝ ስለ ውክልና ነው። መልሱ አጭር ነው፦ በምትኖሩበት አገር ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ትፈርማላችሁ፤ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይቀርባል። ጉድጓዱን የሚቆፍረው ሰው ፈቃዱ የማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔን ያቃጠለኝ ይኸው ነው።

ውክልናዬን ለአክስቴ ልጅ ሰጠሁ። ሌባ አይደለም፤ ከላክሁት ገንዘብ ለራሱ አንድ ብር አላስቀረም። የጎዳን ይሉኝታ ነው። ሥራ ተቋራጩ አብሮት ያደገ የሰፈሩ ልጅ ስለነበር «ፈቃድህን አሳየኝ» ማለት ከስድብ ተቆጠረበት። እንደምንም ሲጠይቀው ፎቶ ኮፒ ተሰጠው፤ እሱ ማኅተሙን አይቶ ላከልኝ፤ እኔም ማኅተሙን አይቼ ተረጋጋሁ። ጽሑፉን ያነበበ ሰው አልነበረም።

ዓመት ሳይሞላ ተከራዮቹ ግቢው ሸተተን አሉ። ሲቆፈር የፍሳሹ ቧንቧ ቁልቁለት አልነበረውም። የመጠጥ ውኃው ቧንቧም በዚያው ቦይ፣ ከፍሳሹ ሥር ተዘርግቷል። ሁለቱም መጋጠሚያቸው ላይ ያፈስሱ ነበር። ውኃ በሚቋረጥበት ቀን ባዶው ቧንቧ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ትናንሽ ልጆች ያሉበት ቤተሰብ ያንን ሲጠጣ ከርሟል። ዛሬም ሳስበው እንቅልፍ ይነሣኛል።

ፎቶ ኮፒው የሕንፃ መሣሪያ ችርቻሮ ንግድ ፈቃድ ሆኖ ተገኘ። የሌላ ሰው ስም አለበት፤ ዘመኑም አልፏል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተቋራጭ ለሠራው ግንባታ 10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ነገር ግን ውላችን ላይ የፈረመው ሰው በወረቀት የሚታወቅ ተቋራጭ ስላልነበረ ይህ ሁሉ ሕግ ለእኛ ምንም አልፈየደም።

ስለዚህ ሁለት ወረቀት ጠይቁ። የመጀመሪያው ዘርፉንና ደረጃውን የሚገልጸው የሥራ ተቋራጭነት ብቃት ማረጋገጫ ነው። ሁለተኛው የንግድ ፈቃዱ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ የሚያሳይ ብዙ ነው፤ ፈቃድ ተከራይቶ የሚሠራም አለ። በሁለቱ ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑን፣ የሥራ መስኩ የእናንተን ሥራ ማካተቱን፣ ውሉን የሚፈርመውም ባለፈቃዱ ራሱ ወይም የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ መሆኑን ተመልከቱ። የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ በየካቲት ያልታደሰ ፈቃድ ይዞ «ሂደት ላይ ነው» የሚላችሁን አትቀበሉ። የንግድ ፈቃዱን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ አማካይነት በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ እናንተው አጣሩ፤ ለዘመድ አትተዉት።

ዘመዳችሁን ከይሉኝታ የምታድኑበት መንገድም አለ። የምትፈልጉትን ወረቀት ሁሉ በደብዳቤ ዘርዝራችሁ ፈርማችሁ ላኩለት፤ ሲጠይቅ «ያዘዘኝ ባለቤቱ ነው» ይበል። ቂሙ ወደ እናንተ ይምጣ፤ እናንተ ሩቅ ናችሁ፣ እሱ ግን ከዚያ ሰው ጋር በአንድ እድር ይቀመጣል። ሥራውን የሚያየው መሐንዲስ ደግሞ ለተቋራጩም ለዘመዳችሁም የማይቀርብ፣ ክፍያውን ከእናንተ በቀጥታ የሚቀበል ሰው ይሁን። ቦዩ አፈር ሳይለብስ መሐንዲሱ ቁልቁለቱን ይለካ፣ ቧንቧዎቹን በውኃ ሞልቶ ይፈትሽ፣ ሜትር አስቀምጦ ፎቶ ያንሳ። ያ ፎቶ ሳይደርሳችሁ የዚያን ምዕራፍ ክፍያ አትልቀቁ።

ውክልናውንም በዚህ ሥራ ብቻ ወስኑት፤ መሸጥና ማስያዝ አይግቡበት። እኔ ሥራው ሲያልቅ ሽሬዋለሁ። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ተቀይሞኝ ነበር፤ ቦዩ በድጋሚ ሲቆፈር ግን ሜትሩን ይዞ የቆመው እሱ ነው።