ለአውቶቡስና ለባቡር የሚሆን ቀላል የልጅ ጋሪ ስንገዛ የምንሠራቸው ስህተቶች

የመጀመሪያውን የልጅ ጋሪ የመረጥኩት ሱቅ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ገፋ ገፋ አድርጌ ነው። ጎማው ሽር ይላል። ሽር ይላላ! ወለሉ ልሙጥ ነው፣ ልጅ አልተቀመጠበትም፣ ከኋላዬ "ግቢ እንጂ" የሚል ሰውም የለም። በሳምንቱ ግን የአውቶቡስ በር ላይ ልጄን በግራ እጄ፣ ጋሪውን በቀኜ ይዤ፣ ሹፌሩ በመስታወት እያፈጠጠብኝ ያ ጋሪ አልታጠፍ ሲለኝ ነው ምን እንደገዛሁ የገባኝ። ከዚያ ወዲህ የልጅ ጋሪ ሳይ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እዚያ በር ላይ፣ በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ምን ይሆናል? ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ኪሎውን ብቻ ማየት

ቀላል የሚባሉት ጋሪዎች አብዛኞቹ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ይመዝናሉ። ትልልቆቹ ከ10 ኪሎ ያልፋሉ። ስለዚህ ኪሎ ማየቱ ልክ ነው፣ ግን እሱ ላይ ብቻ መንጠልጠል አይሆንም። የአንድ ዓመት ልጅ ወደ 9 ወይም 10 ኪሎ ይሆናል። 6 ኪሎ ጋሪ ጨምሩበት፣ ዳይፐርና ልብስ የታጨቀበት ቦርሳም ጨምሩበት፣ 20 ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ይህን ሁሉ ይዛችሁ ደረጃ ስትወጡ የግማሽ ኪሎ ልዩነት አይታወቃችሁም። የሚታወቃችሁ በምን እንደምትይዙት ነው። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ማሰሪያ ያለው 7 ኪሎ ጋሪ፣ መያዣ ከሌለው 5 ኪሎ ጋሪ ይሻላል። ታጥፎ እግራችሁን እየመታ የሚሄድ ከሆነ ቅለቱ ምን ይጠቅማል?

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ኪሎ ደግሞ አንዳንዴ ጥላውና የታችኛው ቅርጫት ሳይቆጠሩ ነው። አንሱት። ሻጩ ቢያይ ባያይ ምን ቸገራችሁ፣ ታጥፎ አንሥታችሁ ሱቁን አንድ ዙር ዙሩ።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ዛሬ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፈውን ጋሪ ያመጣው ኦወን ማክላረን የሚባል እንግሊዛዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነው፣ ስፒትፋየር የተባለው የጦር አውሮፕላን ማረፊያ እግር ላይ የሠራ ሰው። ሴት ልጁ ከባድ ጋሪ ይዛ ስትጓዝ ስትቸገር አይቶ፣ የአውሮፕላን እግር የሚታጠፍበትን ዘዴ ከቀላል አሉሚኒየም ጋር አዋህዶ በ1965 ከ3 ኪሎ በታች የሆነ ጋሪ ሠራ። ልብ በሉ፣ ሰውዬው የተጨነቀው ስለ ኪሎው ብቻ አይደለም፣ ስለ አስተጣጠፉም ጭምር ነው።

"በአንድ እጅ ይታጠፋል" የሚለውን ማመን

ይሄ የኔ ስህተት ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ላብዛበት። ማስታወቂያው ላይ ያለችው ሴት በአንድ እጇ ጠቅ ስታደርገው ይታጠፋል። ሌላኛው እጇ ግን ባዶ ነው! እናንተ ስትሞክሩት ሌላው እጃችሁ ላይ ልጁን ያዙ። ልጁ ከሌለ 10 ኪሎ የሚያህል ነገር እቀፉ። አሁን እጠፉት፣ ክፈቱት፣ እንደገና እጠፉት። ሦስት ጊዜ። ለመታጠፍ ማጎንበስ የሚያስፈልገው፣ እግርም እጅም የሚጠይቀው፣ ወይም መጀመሪያ መቀመጫውን ወደ ላይ መልሱ የሚለው ጋሪ ለአውቶቡስ አይሆንም። ቤት ውስጥ ቀላል የሚመስለው ነገር ሰው እየገፋችሁ ሲሆን ሌላ ነው።

ከታጠፈ በኋላ ደግሞ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ መቆለፊያው በራሱ ይያዛል ወይ? ካልተያዘ ስታነሱት ብትን ይላል። ሁለተኛ፣ ታጥፎ ብቻውን ይቆማል ወይ? የማይቆም ከሆነ ጉዞውን ሙሉ በጉልበታችሁ ደግፋችሁ ነው የምትሄዱት፣ ወይ ጭቃ የነካው ጎማ የሰው ልብስ ላይ ያርፋል።

ቅርጹም ይለያያል። እንደ ጃንጥላ የሚታጠፈው ቀጭንና ረጅም ይሆናል፣ በእግራችሁ መካከል ወይም ግድግዳ ጥግ ይቆማል፣ ወንበር ሥር ግን አይገባም። እንደ ሻንጣ የሚታጠፈው አጭርና ወፍራም ነው፣ ጭናችሁ ላይ ወይም ዕቃ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የትኛው ይሻላል አትበሉኝ፣ የምትሳፈሩበትን መኪና የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ስትከፍቱም ስታጥፉም ልጁን ራቅ አድርጉት። በ2009 አሜሪካ ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጋሪዎች እንዲታረሙ በአምራቹ የተጠሩት ማጠፊያው የልጆችን ጣት ጫፍ እየቆረጠ ስለነበር ነው።

ለልጁ ዕድሜ ሳያስቡ መግዛት

ብዙዎቹ ቀላል ጋሪዎች የተሠሩት ከ6 ወር በላይ ለሆነ፣ ራሱን ችሎ ለሚቀመጥ ልጅ ነው። አራስ ልጅ ጀርባው ተዘርግቶ መተኛት አለበት። ቀና ባለ መቀመጫ ላይ አንገቱ ወደ ፊት ሲወድቅ አየር መተላለፊያው ይጠባል፣ ይህ ደግሞ ቀልድ አይደለም። "ትንሽ ወደ ኋላ ይላል" ማለት "ጠፍጣፋ ይሆናል" ማለት አይደለም። እንዲያውም ልጁ ገና አራስ ከሆነና የምትንቀሳቀሱት በአውቶቡስ ከሆነ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስከ 6 ወር ድረስ ጥሩ ማዘያ ከማንኛውም ጋሪ ይሻላል። ሁለት እጃችሁ ነፃ ይሆናል።

በላይኛው በኩልም ገደብ አለ። የአውሮፓው የጋሪ ደህንነት መስፈርት ኢኤን 1888 (EN 1888) ሁለት ክፍል አለው፣ አንዱ እስከ 15 ኪሎ፣ ሌላው ከ15 በላይ እስከ 22 ኪሎ ለሚሆኑ ልጆች። የናንተው ጋሪ የትኛው እንደሆነ መመሪያው ላይ አለ።

ስፋቱን አለመለካት

መተላለፊያው ይጠባል፣ ትኬት የሚቆረጥበት በር ይጠባል፣ ሊፍቱም እንዲሁ። በየቀኑ የምታልፉበትን ከሁሉም ጠባቡን ቦታ ለኩ፣ ከዚያ ወደ ሱቅ ሂዱ። መንታ ካላችሁ ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ጋሪ አውቶቡስ ውስጥ ጣጣ ነው፣ ፊትና ኋላ የሚያስቀምጠውን እዩ።

ትንንሽ ጎማ

ጎማው ባነሰ ቁጥር ጋሪው ይቀላል፣ ግን በባቡሩና በመድረኩ መካከል ያለው ክፍተት ውስጥ ይገባል። የፊት ጎማዎቹ ስለሚዞሩ ድንገት ወደ ጎን ይታጠፉና ስንቅር ይላሉ። ስትገቡ የፊቱን ጎማ አንሡ፣ ስትወርዱ ደግሞ ዞራችሁ የኋላውን ጎማ አስቀድሙ። ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ልጅ የተቀመጠበት ጋሪ ይዞ መውጣት የሚባል ነገር የለም። ሊፍት ፈልጉ፣ ከሌለ ልጁን አቅፋችሁ ጋሪውን እጠፉ።

እጀታው ላይ ቦርሳ መስቀል

ሁላችንም እናደርገዋለን። ቀላል ጋሪ ሚዛኑን የሚጠብቀው በልጁ ክብደት ነው። ልጁን ብድግ ያደረጋችሁ ጊዜ ጋሪው ከነቦርሳው ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ አንዳንዴም ልጁ እያለበት። ከታች ያለው ቅርጫት ሰፊ የሆነውን ምረጡ፣ የቀረውን ጀርባችሁ ላይ ያዙ።

ፍሬኑን በሱቅ ጫማ መሞከር

ስኒከር አድርጋችሁ የረገጣችሁት ፍሬን ነጠላ ጫማ ስታደርጉ ጣት ይልጣል። በአንድ ርግጫ ሁለቱንም ጎማ የሚይዝ ይሁን። አውቶቡስ ውስጥ ለጋሪ የተከለለ ቦታና መደገፊያ ካለ ጋሪውን ጀርባውን መደገፊያው ላይ አድርጋችሁ፣ ማለትም ልጁ ወደ ኋላ እያየ፣ ፍሬን ያዙ፤ ድንገት ቢያቆም ይደግፈዋል። ባቡር ስትጠብቁ ፍሬን ይዛችሁ ጋሪውን ከሐዲዱ ጋር ትይዩ አድርጉት እንጂ ፊቱን ወደ ሐዲዱ አታዙሩት። ቀበቶውም ትከሻን፣ ወገብንና በእግር መካከል ያለውን የሚይዘው ባለ አምስት ነጥብ ይሁን።

ጥላውን መናቅ

ጥላው አጭር ሲሆን ሰው ጨርቅ ያለብሳል። ያ ጨርቅ አየር ስለሚከለክል ውስጡ በደቂቃዎች ይግላል። የዝናብ ፕላስቲኩንም ተሳፈራችሁ እንደተቀመጣችሁ አንሱት።

ያገለገለ ከገዛችሁ የማጠፊያውን መቆለፊያና ፍሬኑን በደንብ ፈትሹ፣ ብረቱ ላይ ስንጥቅ ፈልጉ፣ ሞዴሉ በአምራቹ ለጥገና ተጠርቶ እንደሆነም ስሙን ፈልጋችሁ አረጋግጡ። የኔን የመጀመሪያ ጋሪ መኪና ላላት ጎረቤቴ ሰጠኋት። በጣም ወዳዋለች።