የኮራል ድንጋይን በቅደም ተከተል እንዴት መመርመር ይቻላል?

በምጽዋ ደሴት የሚገኙ በርካታ አሮጌ ቤቶች ግድግዳቸው የተሠራው ከኮራል ድንጋይ ነው። የዳህላክ ደሴቶች መሬት ራሱ በአብዛኛው የጥንት ኮራል ሲሆን፣ ዛሬ ባሕር በሌለበት በአፋር፣ በደናክል የጨው ሜዳ ዳርቻም ተመሳሳይ ድንጋይ ይገኛል። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለ ድንጋይ የገጠመው ሰው ምን አስቀድሞ፣ ምን አስከትሎ ማየት እንዳለበት ያስረዳል።

ከምርመራው በፊት ሠሪውን ማወቅ ያስፈልጋል። ኮራልን የሚሠራው ፖሊፕ የተባለ፣ ከጄሊፊሽ ጋር የሚዛመድ እንስሳ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጥም። ለስላሳ አካል፣ አንድ አፍና በአፉ ዙሪያ የሚናደፉ ቀጫጭን ክንዶች አሉት። በባሕር ውኃ ከሟሟው ካልሲየምና ካርቦኔት ከሥሩ ጠንካራ ጽዋ ይገነባል፤ ከፍ እያለ ሲሄድም የቀድሞውን ወለል ባዶውን ትቶ ከበላዩ አዲስ ያነጥፋል። ራሱን እየከፈለ ስለሚባዛ፣ ከአንድ ፖሊፕ የተነሣ ማኅበር በዘመናት ውስጥ ትልቅ ቋጥኝ ያህላል፤ ሕይወት ያለው ግን የላይኛው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። በዚያ ሽፋን ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ በፀሐይ ብርሃን ምግብ አዘጋጅተው ከፖሊፑ የኃይል ፍላጎት እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ይሸፍናሉ። ሪፍ (በባሕር ውስጥ ከኮራል የተገነባ የድንጋይ ክምር) የሚሠሩ ኮራሎች ጥርት ያለ፣ ጥልቀት የሌለውና ሞቃት ውኃ የሚሹት በዚህ ምክንያት ነው፤ ድንጋያቸው ስለ ጥንቱ ባሕር ሊመሰክር የሚችለውም ስለዚሁ ነው።

በመጀመሪያ የድንጋዩን ዓይነት ይለዩ። ከወደቀ ስብርባሪ ጥቂት ፈጭተው አቼቶ ያንጠባጥቡበት። የኖራ ድንጋይ ከሆነ ዱቄቱ ቀስ እያለ አረፋ ያወጣል። በደናክል በብዛት የሚገኘው ጂፕሰም (የጀሶ ድንጋይ) ግን አረፋ አያወጣም፤ በጥፍርም ይጫራል። አረፋ መታየቱ ብቻ ግን ኮራል መሆኑን አያረጋግጥም፤ በትግራይ የሚገኘው የጁራሲክ ዘመን የአንታሎ የኖራ ድንጋይም ያው አረፋ አለው።

ስለዚህ ቀጥሎ በአጉሊ መነጽር ጽዋዎቹን ይፈልጉ። በእያንዳንዱ ጽዋ ውስጥ ከግድግዳው ወደ መሐል የሚገቡ ስስ ክፍልፋዮች አሉ፤ በዛሬዎቹ ድንጋይ ሠሪ ኮራሎች ቁጥራቸው በስድስት ብዜት የሚሄድ ነው። ፖራይቲስ በተባለው ዝርያ ጽዋው ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ድንጋዩ በሩቁ ልሙጥ ይመስላል፤ ቅርንጫፋማው አክሮፖራ ደግሞ በየቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ከሌሎቹ ጎላ ያለች አንዲት ጽዋ ትታይበታለች።

ሦስተኛው እርምጃ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ በእኔ እምነት ግን ከሁሉም የሚበልጠው ነው፤ ይኸውም ኮራሉ በበቀለበት ቦታ መቆሙን ማረጋገጥ ነው። ጽዋዎቹ ወደ ላይና ወደ ጎን የሚያዩ፣ መሠረቱም ከሥሩ ካለው ድንጋይ ጋር የተጣበቀ ከሆነ፣ እንስሳው የኖረው እዚያው ነው። ማኅበሩ ተገልብጦ፣ ጠርዙ ተሞርዶ፣ ከአሸዋና ከዛጎል ጋር ተቀላቅሎ ከተገኘ ግን ማዕበል ያመጣው ክምር ሊሆን ስለሚችል፣ ከእሱ ተነሥቶ ስለ ጥንቱ የባሕር ከፍታ መናገር ያሳስታል። በማኅበሮቹ መካከል ነጭ፣ ስስና ተደራራቢ ቅርፊት ካዩ፣ በሕይወት ሳለ ሮዝ መልክ የነበረው ድንጋያማ አልጌ ሊሆን ይችላል፤ የተበታተነውን አጣብቆ ሪፉን አንድ የሚያደርገው እርሱ ነው። አናቱ ጠፍጣፋና የሞተ፣ ጎኑ ግን ወደ ውጭ ያደገ ክብ ኮራል ካጋጠመዎ በደንብ ይመዝግቡት፤ ወደ ላይ እንዳያድግ ያገደው ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ የሚደርስበት ዝቅተኛ ወለል ስለሆነ፣ ያ አናት የዚያን ዘመን የባሕር ልክ ይጠቁማል።

ዕድሜን በተመለከተ፣ ክብ ኮራሎች በዓመት አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ሲያድጉ፣ ቅርንጫፋሞቹ እስከ 10 ሴንቲሜትር ሊያድጉ ይችላሉ። ስለዚህ ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው ክብ ኮራል 50 ዓመት ያህል ኖሯል ማለት ይቻላል። ትክክለኛው ቆጠራ የሚደረገው ተቆርጦ በኤክስሬይ በሚታዩት ዓመታዊ መስመሮች ነው። ጆን ዌልስ የተባለ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1963 ከ350 ሚሊዮን ዓመት በላይ ባስቆጠሩ የዴቮኒያን ዘመን ኮራሎች ላይ የየዕለቱን ደቃቅ መስመር ቆጥሮ የዚያ ዘመን ዓመት 400 ያህል ቀናት እንደነበሩት ማሳየቱን ሳስብ አሁንም ይደንቀኛል።

እነዚህን እርምጃዎች ደናክል ላይ ቢተገብሯቸው ከዳር ወደ መሐል የሚነበብ ታሪክ ያገኛሉ። በዳርቻው ሪፍ አለ፤ ከእሱ ወደ ውስጥ ጂፕሰም፣ በመሐል ደግሞ ከባሕር ወለል 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለው ጨው ይከተላል። ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር በዙላ ባሕረ ሰላጤ በኩል ገብቶ ነበር፤ መንገዱ ሲዘጋ ውኃው እየተነነ ሄደ፣ ጂፕሰም ከጨው ቀድሞ ስለሚረጋም ቅደም ተከተሉ እንዲህ ሆነ። በዚያው ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ ኤርትራ ውስጥ አብዱር በተባለ ቦታ፣ ተመሳሳይ ዕድሜ ባለው ሪፍ ውስጥ ሰው የሠራቸው የድንጋይ መሣሪያዎች መገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ ሆኗል።

ሕያው ሪፍ ማየት ለሚፈልግ፣ በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ኤላት ላይ ከባሕር ዳር ብዙም ሳይርቁ ያገኙታል። እዚያ ሲዋኙ ነጭ የሆነ ኮራል ሁሉ ሞቷል አይበሉ፤ በሙቀት ምክንያት አልጌዎቹን ያጣ ፖሊፕ ለሳምንታት በሕይወት ሊቆይና ሊያገግም ይችላል። የሞተው አረንጓዴ ወይም ቡናማ አልጌ የሸፈነው ነው። በእግርዎ አይርገጡት፣ በእጅዎም አይንኩት።

በየብስም ቢሆን ከቆመ ሪፍ ላይ ናሙና አይስበሩ። መለኪያ አጠገቡ አኑረው ፎቶግራፍ ያንሡ፤ የጽዋዎቹን አቅጣጫ፣ የቦታውን ከፍታና በዙሪያው ያሉትን ዛጎሎች ይጻፉ። የዝናብ ውኃ የነካው ኮራል የመጀመሪያ ማዕድኑ ወደ ሌላ ስለሚለወጥና ለዕድሜ ልኬት ስለማይመች፣ የትኛው ክፍል መወሰድ እንዳለበት መወሰን የጂኦሎጂ ባለሙያ ሥራ ነው።